ከነጠላ ዜማ እስከ ባሮክ፦ የምዕራብ አውሮፓ ሙዚቃ ወደ ወረቀት የወረደበት ዘመን

የምዕራብ አውሮፓን የቀድሞ ሙዚቃ የሚያጠኑ ሰዎች ታሪኩን በሦስት ይከፍሉታል፦ እስከ 1400 ገደማ መካከለኛው ዘመን፣ ከዚያ እስከ 1600 ህዳሴ፣ ከ1600 እስከ 1750 ባሮክ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክፍፍሉ ለመማሪያ መጽሐፍ ይመቻል። በየዘመኑ የኖሩት ሙዚቀኞች ግን ራሳቸውን በእነዚህ ስሞች አይጠሩም ነበር፤ ለውጡም በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ሂደቱን በይበልጥ የሚያስረዳው የአጻጻፉ ታሪክ ነው። ድምፁ በትክክል መጻፍ ሲጀምር በላዩ ሌላ ድምፅ መደረብ ተቻለ፤ የተደረበው ሲበዛ ደግሞ አጻጻፉን ይበልጥ ማርቀቅ ግድ ሆነ።

ርግቧና ነገሥታቱ

የላቲን ቤተ ክርስቲያን ዋና ዜማ በተለምዶ የግሪጎርዮስ ዜማ ይባላል። በትውፊት እንደሚነገረው ከ590 እስከ 604 በሮም መንበር የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀዳማዊ ግሪጎርዮስ ዜማውን የተቀበሉት በርግብ አምሳል በጆሯቸው ከተናገራቸው ከመንፈስ ቅዱስ ነው። የብራና ሥዕሎችም ርግቧን በትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ያሳያሉ። የዛሬ ተመራማሪዎች ግን ዜማው ቅርጹን የያዘው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት በፍራንኮች መንግሥት ውስጥ እንደሆነ ይናገራሉ። ንጉሥ ፔፒንና ልጁ ሻርለማኝ ሰፊ ግዛታቸውን በአንድ ሥርዓተ አምልኮ ለማስተሳሰር የሮምን ዜማ አስመጡ፤ እሱም ከአገሬው የጎል (የዛሬይቱ ፈረንሳይ አካባቢ) ዜማ ጋር ተዋሕዶ አዲስ መልክ ያዘ። ከርግቧ ይልቅ ፖለቲካው ብዙ ሠርቷል ማለት ነው።

ዜማው ነጠላ ነበር፤ ሁሉም መዘምራን አንዱኑ ድምፅ ያለ መሣሪያ ያዜማሉ። የዓመቱን በዓላት ዜማ በሙሉ በቃል መያዝ ግን የብዙ ዓመት ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ በ9ኛው መቶ ዓመት ከቃላቱ በላይ ትንንሽ ምልክቶች መጻፍ ተጀመረ። ምልክቶቹ ድምፁ መውጣቱንና መውረዱን ያመለክታሉ፤ ምን ያህል እንደወጣ ግን አይናገሩም። በድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚሰፈረውን የእኛን የዜማ ምልክት የተማረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ እንዲህ ያለ ምልክት የሚያገለግለው ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ የተቀበለውን ተማሪ ነው።

ያልሰሙትን ዜማ ከገጽ ላይ አንብቦ ማዜም የተቻለው በጊዶ ዘአሬዞ ምክንያት ነው። ይህ ጣሊያናዊ መነኩሴ በ1020ዎቹ በአሬዞ ካቴድራል ሕፃናት መዘምራንን ሲያስተምር ምልክቶቹን በመስመሮች ላይና በመስመሮቹ መካከል አስቀመጠ፤ የትኛው መስመር የትኛው ድምፅ እንደሆነም በቀለም ለየ። ለመጥምቁ ዮሐንስ ከተገጠመ የላቲን መዝሙር የስንኞቹን መነሻ ወስዶ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ የሚሉትን የድምፅ ስሞች አስተማረ። ዛሬ ልጆች የሚቆጥሩት ዶ የገባው ከብዙ ዘመን በኋላ በኡት ምትክ ነው። ጊዶ በአንድ ደብዳቤው አሥር ዓመት ይፈጅ የነበረው ትምህርት በእርሱ ዘዴ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ ይገልጻል። በቀድሞ ገዳሙ በፖምፖሳ ወንድሞቹ ቀንተውበት ወጥቶ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 19ኛ ግን ወደ ሮም አስጠርተው መጽሐፉን ራሳቸው ሞከሩት፤ ሰምተውት የማያውቁትን ስንኝም ከመስመሩ አንብበው አዜሙ።

ከወንዶች ገዳማት ውጭም ሥራ ነበር። የቢንገኗ ሂልዴጋርድ (1098–1179) ለመነኮሳዪቶቿ የደረሰቻቸው ዜማዎች ከተለመደው ክልል ወጥተው ከፍ ብለው ይበራሉ። በደቡብ ፈረንሳይ ደግሞ ትሩባዱር የሚባሉ ገጣሚዎች በአገራቸው ቋንቋ የፍቅር ዘፈን ያዜሙ ነበር። ከእነርሱ መካከል ሥራው ከነስሙ የደረሰን የመጀመሪያው የአኪቴን መስፍን ጊዮም 9ኛ ነው፤ ትሩባዱርን ሁሉ መንገደኛ ድሃ አድርጎ መሳል ስሕተት ነው።

ድምፅ በድምፅ ላይ

በ900 አካባቢ የተጻፈ ሙዚካ ኤንኪሪያዲስ የተባለ የትምህርት መጽሐፍ አንዱ ዘማሪ ዜማውን ሲይዝ ሌላው በአራት ወይም በአምስት ድምፅ ርቀት እንዴት እንደሚከተለው ያስረዳል። ይህ ኦርጋኑም ይባላል። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ኦርጋኑም ፓሪስ ላይ ወደ ታላቅ ሥነ ጥበብ አደገ። የኖትር ዳም ካቴድራል ግንባታ በ1163 አካባቢ ከተጀመረ በኋላ ሌዮኒን፣ ከእርሱም ቀጥሎ ፔሮቲን በዚያ ይሠሩ ነበር። ስማቸው የደረሰን በዋናነት ስሙ ያልታወቀ አንድ ጸሐፊ ስላነሣቸው ነው። ፔሮቲን ለገና በዓል በጻፈው ቪዴሩንት ኦምኔስ በተባለው የአራት ድምፅ ሥራ የጥንቱ ዜማ ከሥር ሆኖ አንዲትን ቀለም ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል፤ በላዩ ሦስት ድምፆች እየተቀባበሉ ይጨፍራሉ። ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው ሥራ ዛሬም ሲሰማ አዲስ ነው።

አራት ሰው አብሮ ሲያዜም ግን ማን መቼ እንደሚገባ መታወቅ አለበት። የጊዶ መስመር የድምፁን ከፍታ እንጂ ርዝመት አይናገርም። በፓሪስ መጀመሪያ የተወሰኑ የምት ዓይነቶች ወጡ፤ በ1280 ገደማ ደግሞ ፍራንኮ ዘኮሎኝ የኖታው ቅርጽ ራሱ ርዝመቱን እንዲናገር ደንብ ጻፈ። ይህ ደንብ የዘመናዊው ኖታ መሠረት ነው።

በ14ኛው መቶ ዓመት ፊሊፕ ደ ቪትሪና የእርሱ ወገኖች ምቱን ይበልጥ ከፋፈሉት፤ ሥራቸውንም አዲሱ ጥበብ አሉት። ሁሉም አልወደደውም። በፈረንሳይዋ አቪኞን የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ በ1320ዎቹ አጋማሽ ባወጡት ድንጋጌ መዘምራኑ ዜማውን በአጫጭር ኖታዎች እየቆራረጡ ጆሮን ያሰክራሉ እንጂ አያረጋጉም ሲሉ ወቀሱ። ወቀሳው ብዙ ያስቆመ አይመስልም። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩና ገጣሚው ጊዮም ደ ማሾ (1377 ሞተ) የቅዳሴውን ቋሚ ክፍሎች በሙሉ በአራት ድምፅ አቀናበረ፤ ስሙ በታወቀ አንድ ደራሲ እጅ የተሟላ የቅዳሴ ሙዚቃ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጣፋጩ ድምፅና ማተሚያው

የመካከለኛው ዘመን ጆሮ በዋናነት የሚያርፈው ከመነሻው ድምፅ ሲቆጠር በአራተኛ፣ በአምስተኛና በስምንተኛ የድምፅ ርቀት ላይ ነበር። እንግሊዛውያን፣ በተለይም ጆን ደንስታፕል፣ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ርቀት በብዛት ሲጠቀሙ የአውሮፓ ሙዚቃ ቀለም ለሰለሰ። የቡርጎኝና የፍላንደርስ ደራሲዎች ይህን ተቀብለው አስፋፉት። ጊዮም ዱፋይ በመጋቢት 1436 የፍሎረንስ ካቴድራል ሲባረክ የተዘመረውን ሞቴት (የብዙ ድምፅ ዝማሬ) ደረሰ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጆስካን ዴ ፕሬ (1521 ሞተ) ድምፆቹን ሁሉ እኩል አደረጋቸው፤ አንዱ የጀመረውን ሐረግ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛውም ይደግመዋል። ማርቲን ሉተር ከደራሲዎች ሁሉ አብልጦ የሚያደንቀው እርሱን ነበር።

ኦታቪያኖ ፔትሩቺ በ1501 ቬኒስ ላይ የመጀመሪያውን የብዙ ድምፅ ሙዚቃ መድብል አሳተመ። ሕትመቱ እጅግ ያማረ ነው፤ ግን መስመሩ፣ ኖታውና ቃሉ ለየብቻ ስለሚታተሙ ወረቀቱ በተደጋጋሚ ማተሚያ ይገባ ነበር፤ ዋጋውም ውድ ነው። በ1528 ፓሪስ ላይ ፒየር አቴኛን ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያትም ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ። መልኩ ቢቀንስም ዋጋው ረከሰ፤ ሙዚቃ ከመኳንንት ግምጃ ቤት ወጥቶ ነጋዴው ቤት ገባ። በማዕድ ዙሪያ የሚዘፈነው ማድሪጋል የተባለው የብዙ ድምፅ ዓለማዊ ዘፈን የተስፋፋው በዚህ ገበያ ነው።

በዚሁ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ ወደ አገራችንም ብቅ ብሏል። በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል ልዑክ ከስጦታዎቹ መካከል ኦርጋን ይዞ ነበር፤ ከተጓዦቹም አንዱ ኦርጋን ተጫዋች እንደነበረ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጽፈዋል።

የሃይማኖት ክፍፍሉ ሙዚቃውንም ከፈለው። ሉተር ምእመኑ ራሱ በጀርመንኛ እንዲዘምር ፈለገ፤ ከ1524 ጀምሮ የወጡት የመዝሙር መጻሕፍት በኋላ ለባኽ ጭምር ጥሬ ዕቃ ሆነዋል። በካቶሊኮች በኩል የትሬንት ጉባኤ (1545–1563) የቅዳሴው ቃል በድምፅ ብዛት እንዳይሸፈን አሳሰበ። ፓለስትሪና የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ማርሴሉስ ቅዳሴ በተሰኘው ሥራው የብዙ ድምፅ ሙዚቃን ከእገዳ አዳነ የሚለው ታሪክ ማራኪ ነው፤ ማስረጃ ግን የለውም። በፕሮቴስታንት እንግሊዝ ካቶሊክ ሆኖ የቀረው ዊልያም በርድ ደግሞ በንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት እያገለገለ በየቤቱ በምስጢር ለሚደረግ ቅዳሴ ሙዚቃ ይጽፍ ነበር።

ቃል ሲነግሥ

በ1600 አርቱሲ የተባለ የቦሎኛ ሊቅ የክላውዲዮ ሞንቴቨርዲን ማድሪጋሎች በመጽሐፍ አብጠለጠለ፤ የሚጋጩ ድምፆችን ያለ ዝግጅት ይጠቀማል አለ። ሞንቴቨርዲ ደንቡን አውቆ እንደተላለፈ፣ በአዲሱ ስልት ቃሉ የሙዚቃው ጌታ እንደሆነ መለሰ። ባሮክ የሚባለው ዘመን የተወለደው ከዚህ ክርክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፍሎረንስም በባላባቱ በባርዲ ቤት የሚሰበሰቡ ምሁራን ተመሳሳይ ሐሳብ ያወጡ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሳይንቲስቱ ጋሊሌዎ አባት ቪንቼንሶ ጋሊሌይ ሲሆን፣ አራትና አምስት ሰው አንድን ቃል በተለያየ ጊዜ ሲጮኽ ስሜት አይገለጥም ይል ነበር። የጥንት ግሪኮችን ተውኔት እናድሳለን ብለው አንድ ዘፋኝ በቀላል አጃቢ የሚናገርበትን ስልት ፈጠሩ። የግሪኩን ሙዚቃ አላገኙትም፤ ያገኙት ኦፔራን፣ በዘፈን የሚቀርበውን ተውኔት፣ ነው። የያኮፖ ፔሪ ኤውሪዲቼ በ1600፣ የሞንቴቨርዲ ኦርፌዎ በ1607 ታዩ። በ1637 ቬኒስ ላይ የሳን ካሲያኖ ቲያትር ትኬት ለገዛ ሁሉ በሩን ከፈተ፤ የዘፋኝ ዝናና ደሞዝም ሽቅብ ወጣ።

የአጃቢው አጻጻፍ አስገራሚ ነው። ደራሲው ዝቅተኛውን ድምፅና ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ይጽፋል፤ የሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ መሰል መሣሪያ)፣ የኦርጋን ወይም የሉት (ጊታር መሰል መሣሪያ) ተጫዋቹ መካከሉን እዚያው እየፈጠረ ይሞላዋል። ባሶ ኮንቲኑዎ ይሉታል። ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ሁሉን ለመጻፍ የደከመ ባህል እዚህ ላይ ሆን ብሎ ባዶ ቦታ ተወ።

መሣሪያዎችም ራሳቸውን ቻሉ። በክሬሞና የአማቲና የስትራዲቫሪ ቤተሰቦች ቫዮሊንን ወደ ፍጹምነት አደረሱት፤ ቫዮሊን ተጫዋቹ ኮሬሊ ሶናታውንና ኮንቸርቶውን፣ ማለትም በጥቂት መሣሪያዎችና በመሣሪያ ጓድ የሚቀርቡትን ሥራዎች፣ ቅርጽ አስያዘ። አንቶኒዮ ቪቫልዲ ከ1703 ጀምሮ ፒዬታ በተባለው የቬኒስ የሕፃናት ማሳደጊያ ልጃገረዶችን ቫዮሊን አስተማረ፤ ብዙ ኮንቸርቶዎቹን የጻፈው ለእነርሱ ነው። በፈረንሳይ ደግሞ የጣሊያኗ ፍሎረንስ ተወላጅ የሆነው ሉሊ የሉዊ 14ኛን ቤተ መንግሥት ሙዚቃ ጨብጦ ያዘ፤ በ1687 ምት በሚመታበት ዘንግ እግሩን ወግቶ ቁስሉ መርቅዞ ገደለው።

በ1685 በጀርመን ሁለት ሰዎች ተወለዱ፤ በአካል ግን ተገናኝተው አያውቁም። ሄንደል ጣሊያን ተምሮ ለንደን ላይ የኦፔራ ነጋዴ ሆነ፤ ኦፔራው ገበያ ሲያጣ ያለ ትወና ወደሚዘመረው ወደ ኦራቶሪዮ ዞረ፣ መሲሑም በ1742 ደብሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ከጀርመን ብዙም አልራቀም። በ1705 የኦርጋን ሊቁን ቡክስተሁደን ለመስማት ወደ ሉቤክ በእግሩ ተጓዘ፤ የአራት ሳምንት ፈቃዱንም ወደ አራት ወር ገደማ አራዘመው። በ1722 በሃያ አራቱም የድምፅ ቁልፎች ፕሬሉድና ፉግ (መግቢያና ድምፆች እየተከታተሉ የሚቀባበሉበት ሥራ) ጻፈ። በዓመቱ የላይፕዚግ ከተማ ምክር ቤት የቅዱስ ቶማስ ካንቶር (የመዘምራን መሪና መምህር) አድርጎ ቀጠረው፤ መጀመሪያ የፈለጉት ግን ሌሎች ደራሲዎችን፣ ቴሌማንን፣ ቀጥሎም ግራውፕነርን ነበር። እዚያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አዲስ ካንታታ (በዘማሪዎችና በመሣሪያ የሚቀርብ ዝማሬ) አቀረበ። በስተርጅና ባኽንም ሄንደልንም የዓይን ሕክምና ያደረገላቸው ጆን ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ ነበር፤ ሁለቱም ብርሃናቸውን አጥተው ሞቱ።

ባኽ በ1750 ሲሞት የዘመኑ ጆሮ ቀለል ያለ ዜማ ይፈልግ ነበር። ለዘማሪዎች የጻፋቸው ሥራዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት ሳለ አልታተሙም፤ በልጆቹና በተማሪዎቹ እጅ ቀሩ። የማቴዎስን ሕማማት ፌሊክስ ሜንደልሶን በ1829 በርሊን ላይ በ20 ዓመቱ መርቶ አሰማ፤ በማግሥቱ ዓመት ሙሉ ኖታው ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ።