«ሃያ ፐርሰንት ከሌለህ አትሞክረው»፦ ስኔልቪል ላይ ቤት ስለመግዛት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቡና ስኒ ይዞ የቆመ ሁሉ የቤት ኤጀንት ነው። አንዱ «አሁን እንዳትገዛ፣ ዋጋው ሊወርድ ነው» ይላል። ሌላው «ዛሬውኑ ግዛ፣ ነገ አታገኘውም» ይላል። ሁለቱም ተከራይ ናቸው።

እኔ ስኔልቪል ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ለማታውቋት፣ ከአትላንታ በስተምሥራቅ ስቶን ማውንቴንን አልፋችሁ በሀይዌይ 78 ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 20,573 ነዋሪ ነበራት። የከተማዋ መፈክር ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሁሉም ሰው፣ ሰው የሆነበት» እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። እኛ ቤት «ሰው ሁን» ተግሣጽ ነበር።

አትላንታ አጠገብ ባለችው ክላርክስተን አፓርታማ ተከራይቶ ኑሮ የጀመረ ብዙ ሀበሻ፣ ልጆች ከፍ ከፍ ሲሉ ወደዚህ ወደ ግዊኔት ካውንቲ ይወጣል። የሚመጣው እሱ ብቻ አይደለም። በ1970 ካውንቲው ውስጥ 72 ሺህ ያህል ሰው ነበር፤ በ2020 ወደ 957 ሺህ ደርሷል። እኔም ኑ ከሚሉት ነኝ። ግን የቡና ላይ ወሬውን ይዛችሁ አትምጡ።

«ሃያ ፐርሰንት ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ከሌለህ አትሞክረው»

ብዙ ሰው አፓርታማ ውስጥ አሥር ዓመት ያስቀመጠው ይህ ነው። 340 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት 20 ፐርሰንቱ 68 ሺህ ነው። ይህን እስኪያጠራቅም የልጁ ኮሌጅ ይደርሳል። የፌዴራል መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው የኤፍኤችኤ ብድር ግን ክሬዲት ስኮሩ 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው 3.5 ፐርሰንት ይበቃዋል፤ ማለትም 11,900 ዶላር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ 3 ፐርሰንት ብቻ የሚጠይቅ መደበኛ (ኮንቬንሽናል፣ የመንግሥት ዋስትና የሌለው) ብድርም አለ። የጆርጂያ ስቴትም «ጆርጂያ ድሪም» የሚባል የዳውን ፔይመንት እርዳታ አለው። የገቢና የቤት ዋጋ ጣሪያ ስላለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ነፃ ምሳ ግን የለም። ከ20 በታች የከፈለ ሰው በየወሩ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ ይከፍላል። በመደበኛው ብድር ዕዳችሁ ወደ ቤቱ ዋጋ 80 ፐርሰንት ሲወርድ ይነሳልኝ ማለት ትችላላችሁ። በኤፍኤችኤ ከ10 ፐርሰንት በታች ከፍላችሁ ከገባችሁ ግን ብድሩ እስኪያልቅ ወይም ሪፋይናንስ እስክታደርጉ (በአዲስ ብድር እስክትተኩት) አብሯችሁ ይኖራል። የክሎዚንግ (ግዢው ተፈርሞ የሚጠናቀቅበት) ወጪም ለብቻው ነው፤ እሱን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

«ዜጋ ካልሆንክ አታገኝም»

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በኤፍኤችኤም በመደበኛውም መግዛት ይችላል። የተለወጠው ሌላ ነው። ከሜይ 25 ቀን 2025 ወዲህ ቋሚ ነዋሪ ላልሆነ ሰው አዲስ የኤፍኤችኤ ብድር አይሰጥም። እንዲህ ያለ ሰው በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ከሆነ መደበኛውን ብድር ይጠይቅ።

«ዕቁቤ የደረሰኝ ቀን ቤት እገዛለሁ»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የኛ ሰው ጉድ ያለው እዚህ ነው።

ሃያ ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ይጥላል እንበል። ዕጣው ሲወጣልህ 20 ሺህ ዶላር በጥሬው ተቀብለህ ሰኞ ባንክ ታስገባለህ። ማክሰኞ ለብድር ታመለክታለህ። አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ያይና «ይህ 20 ሺህ ከየት መጣ?» ይልሃል። «ዕቁብ» ትላለህ። ከዚያ ስልኩ ላይ ረጅም ዝምታ ነው።

ሁለት ስህተት አንድ ላይ ይሠራል። የመጀመሪያው፣ ዕቁብ በባንክ አይታወቅም ብሎ መደበቅ ነው። የኤፍኤችኤ መመሪያ አባላቱ ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የግል የቁጠባ ማኅበር በስሙ ያውቀዋል፤ ከእሱ የመጣ ገንዘብም ይቀበላል። የሚጠይቀው ማስረጃ ነው። ማን መቼ ስንት እንደጣለ የሚያሳይ መዝገብ እና የገንዘብ ያዡ ማረጋገጫ ይፈልጋል። እንግዲህ ጸሐፊው ደብተሩን በጥንቃቄ ይያዝ፤ ዳኛውም ፊርማውን አይሰስት። በየወሩ በጥሬው ከመጣል በባንክ ወይም በዜል ማስተላለፍ ይሻላል፤ ዱካው ይቀራል።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። «ከአሥር ሺህ በላይ ካስገባህ መንግሥት ይይዝሃል» የሚል ወሬ አለ። በዚህ ምክንያት ሰው ብሩን ቆራርሶ ዛሬ ዘጠኝ ሺህ፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሺህ ያስገባል። ባንኩ ከ10 ሺህ በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህ የተለመደ ወረቀት ነው፣ ማንንም አያስከስስም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ መቆራረስ ግን ራሱ ወንጀል ነው። ንጹሕ ገንዘብ ይዞ ወንጀለኛ መሆን ማለት ይኸው ነው። በአንዴ አስገቡት፣ ከማመልከቻችሁ በፊት ሁለት ሦስት ወር ይተኛ።

«በዓመት 180 ሺህ ዶላር አገላብጣለሁ፣ ባንክ ምን ይለኛል?»

የትራክ ባለቤቶች እና ኡበር የምትነዱ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በዓመት የገባላችሁ 180 ሺህ ይሁን። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ናፍጣውን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጥገናውን፣ ሌላ ሌላውንም ራይት ኦፍ አድርጎ (ከገቢ ላይ በወጪነት ቀንሶ) የቀረውን 38 ሺህ ያደርገዋል። ኤፕሪል ላይ ትመርቁታላችሁ። ነሐሴ ላይ ቤት ስታስቡ ባንኩ የሚያየው 38 ሺህዋን ነው። ብዙውን ጊዜም የሁለት ዓመት አማካይ ይወስዳል።

የመኪና እርጅና ተብሎ የተቀነሰው መልሶ ሊደመር ይችላል፤ ሌላው ግን ሄዷል። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ከታክስ ሠሪውም ከአበዳሪውም ጋር ቁጭ ይበል። ከፍ ያለ ታክስ ከፍሎ ገቢን ማሳየት ወይስ ታክሱን ቀንሶ ተከራይ መቆየት? ሁለቱንም በአንድ ዓመት ማግኘት አይቻልም። ወጪውን በሐሰት ማስተካከል ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ አትንኩት።

«በወንድሜ ስም ይገዛልኝ»

አይሆንም። እንደማይኖርበት የሚያውቀውን ቤት «እኖርበታለሁ» ብሎ ፈርሞ መበደር ማጭበርበር ነው። ደግሞ የብድር ወረቀት እና የባለቤትነት ወረቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስንት ሰው የሌላ ሰው ቤት ዕዳ ተሸክሞ ዲዱ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ስሙ የለም።

«አዲስ ቤት ስለሆነ ኢንስፔክሽን (ምርመራ) አያስፈልገውም»

የሞዴል ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ እና ኩኪስ ይዛ የምትቀበላችሁ ሴትዮ ደግ ናት። የምትሠራው ግን ለቤት ሠሪው ነው። የራሳችሁን ኤጀንት ከመጀመሪያው ጉብኝት ጀምሮ ይዛችሁ ሂዱ። ከኦገስት 2024 ወዲህ ኤጀንቱ ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ስምምነት ትፈራረማላችሁ፤ ክፍያውም የሚደራደሩበት ነገር ነው።

የእኔን ቤት ልንገራችሁ። ከፊት ሲታይ ቀይ ጡብ ነው። አባቴ በቪዲዮ አይቶ «ጠንካራ ግንብ ነው» ብሎ ተደሰተ። ኢንስፔክተሩ ወደ ጎን ወስዶ አሳየኝ። ጡቡ ልብስ ነው፤ አጥንቱ እንጨት ነው። ከጡቡ ሥር፣ መሠረቱ ላይ፣ እርሳስ የምታህል የጭቃ መስመር ወደ ላይ ወጥታለች። በቢላ ጫፍ ጫር ሲያደርጋት ነጫጭ ነገሮች ተራወጡ። ምስጥ! ጎንደር ገጠር የማውቀው ምስጥ ጆርጂያ ድረስ ይጠብቀኝ ነበር። በደቡቡ ምስጥ የማይጠየቅበት የቤት ግዢ የለም። «ተርማይት ቦንድ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ በየዓመቱ ክፍያ የሚታደስ የምስጥ መከላከያ ውል ነው።

ጆርጂያ ውስጥ ሻጭ የሚያውቀውን ስውር ጉድለት መደበቅ አይችልም፤ የመመርመሩ ኃላፊነት ግን የገዢ ነው። ለዚህ ሲባል ውሉ ላይ «ዱ ዲሊጀንስ» የሚባሉ ቀናት ትደራደራላችሁ። በእነዚህ ቀናት በማንኛውም ምክንያት ትታችሁ ስትወጡ ቀብዳችሁ ይመለሳል። ቀኑ ካለፈ ወዲያ እንዲህ እንደ ልብ አይሆንም። የቤት ሠሪዎች ውል ግን የራሱ ነው፣ ይህን መብት ላይሰጥ ይችላል። አንብቡት። ክሎዚንጉን የሚያካሂደው ጠበቃ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የአበዳሪው ጠበቃ እንጂ የእናንተ አይደለም።

«ወለዱ ቋሚ ነው፣ ክፍያዬ ለ30 ዓመት አይነቃነቅም»

ወለዱ አይነቃነቅም። ክፍያው ይነቃነቃል። ወርሃዊ ክፍያችሁ ውስጥ የቤት ታክስ እና ኢንሹራንስ ኤስክሮ ተብለው አብረው አሉ። አዲስ በተሠራ ቤት ላይ የሚደርሰውን ተመልከቱ። ጆርጂያ የምትገምተው ንብረቱ ጃንዋሪ 1 በነበረበት ሁኔታ ነው። ያን ቀን ግቢያችሁ ባዶ ቀይ አፈር ከነበረ፣ የመጀመሪያው ዓመት ታክስ የአፈር ታክስ ነው። በቀጣዩ ዓመት ቤቱ ይገመታል። ብድሩን የሚያስከፍላችሁ ካንፓኒ የጎደለውንም የሚመጣውንም አንድ ላይ ይጨምርና በወር ጥቂት መቶ ዶላር ከፍ ያለ ደብዳቤ ይመጣል። ጎረቤቴ «ተጭበረበርኩ» ብሎ ጠበቃ ሊይዝ ነበር።

ማቃለያው የሆምስቴድ ቅናሽ ነው፤ በቤቱ ለሚኖር ባለቤት የሚሰጥ የቤት ታክስ ቅናሽ። በራሱ አይመጣም። ጃንዋሪ 1 ቤቱ የእናንተ ሆኖ እየኖራችሁበት ከነበረ፣ ለዚያ ዓመት እስከ ኤፕሪል 1 አመልክቱ። ማመልከቻው ነፃ ነው። ቤት እንደገዛችሁ የመንግሥት የሚመስል ፖስታ ይመጣና «እናመልክትላችሁ» ብሎ ገንዘብ ይጠይቃል። ወደ ቆሻሻው።

«ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው»

በ6.5 ፐርሰንት 300 ሺህ ዶላር ለ30 ዓመት ብትበደሩ ዋናው እና ወለዱ በወር 1,896 ዶላር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ወር ከዚህ 1,625ቱ ወለድ ነው። ዕዳችሁን የቀነሰው 271 ብቻ። ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ዳላስ ወይም ሲያትል የሚሄድ ሰው ይከራይ። ኪራይ ቤት ውስጥ መኖር ነው፤ መኖር ደግሞ መጣል አይደለም።

«ባቡር ሊመጣ ነው»

ግዊኔት በ1971፣ በ1990 እና በ2019 ማርታን (የአትላንታን ባቡርና አውቶቡስ ድርጅት) በድምፅ እምቢ ብሏል፤ በ2020 እና በ2024 የትራንዚት ታክሱንም እንዲሁ። ባቡር ይመጣል ብላችሁ አትግዙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሜይ 2023 ጀምሮ አትላንታ ስለሚያርፍ እናቶቻችን እየመጡ ነው። መኪና የማትነዳ እናት ግን አምስት መኝታ ቤት ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻዋን ናት። ከመግዛታችሁ በፊት በእግር የሚደረስ ሱቅ፣ መናፈሻ ወይም ሀበሻ ጎረቤት መኖሩን አይታችሁ ግዙ።

«የራሴ ቤት ነው፣ ማን ይናገረኛል?» እና «ፈረንጅ ሰፈር ሰው ለሰው አይተዋወቅም»

እነዚህን ሁለቱን አብሬ ነው የምነግራችሁ፤ በአንድ ሳምንት ስለፈረሱብኝ።

አብዛኛው ሰብዲቪዥን (አብሮ የተሠራ የቤቶች ሰፈር) ኤችኦኤ የሚባል የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለው። የትራኩን ራስ ደጅ ማቆም ይከለክላል፣ አጥሩን ይወስናል፣ አንዳንዱ ማከራየትንም ይገድባል። ክፍያው ሲጠራቀም ቤቱን በፍርድ ቤት እስከማሸጥ ይሄዳል። ደንቡን ከክሎዚንግ በፊት አንብቡ።

ያ ሳምንት እንዲህ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የሚኖር ወገናችን እናቱ ሀገር ቤት አረፉ። መርዶው ገና ጎህ ሳይቀድ ነበርና በጨለማ አሥራ አምስት መኪና ተደርድሮ መጣ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች እያለቀሱ ገቡ። የሰፈሩ መብራት አንድ በአንድ በራ። ቀን ላይ መኪናው ስልሳ ሆነ፤ ፖስተኛው ማለፍ አቃተው። ከኤችኦኤው የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ለመምጣት ሁለት ቀን አልፈጀበትም።

ጎን ያሉት ሽማግሌ ነጭ ጎረቤት፣ እዚሁ ጆርጂያ የተወለዱ ናቸው። ከስድስት ዓመት ሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም ነበር። በሁለተኛው ቀን የሐዘን ቤቱን በር አንኳኩ። በሁለት እጃቸው በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ይዘዋል፤ ማካሮኒ በቺዝ። እዚህ ደቡብ ለሐዘንተኛ ምግብ ይዞ መሄድ ወግ ነው፤ ልክ እንደ እኛ። «መኪኖቹን ሣሬ ላይ አቁሟቸው፣ ሣር ያድጋል» አሉ።

ዐቢይ ጾም ነበር። የአንድ ሰው እጅ አልተዘረጋም። ትሪውን የጨረሱት ሕፃናቱ ናቸው።

ትሪውን ባዶውን አልመለስነውም። ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ገባበት። ሽማግሌው በሳምንቱ አገኙኝና ያ ዳቦ ላይ ያለው ጥቁር ፍሬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥቁር አዝሙድ ነው አልኳቸው። ስሙን በወረቀት ጻፍልኝ አሉ።