ፎስፌት ቀለም አይደለም

አዲስ ካምሻፍት (የሞተር ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ) ከካርቶኑ ሲወጣ ደብዛዛ ጥቁር ሆኖ ታገኙት ይሆናል። ቆሻሻ መስሏችሁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትጉት! ብዙ ጊዜ የማንጋኒዝ ፎስፌት ሽፋን ነው።

ፎስፌት እንደ ቀለም ከላይ አይቀባም፤ እዚያው ብረቱ ላይ ይፈጠራል። ቅባቱ በደንብ የታጠበ ብረት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ገንዳ ውስጥ ይገባል። አሲዱ የብረቱን ገጽ በጥቂቱ ይበላል። ሲበላ የአሲዱ ጉልበት እዚያው ቦታ ላይ ይደክማል። ያኔ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ዚንክ ወይም ማንጋኒዝ ከፎስፌቱ ጋር ጥቃቅን ክሪስታል ሠርቶ ብረቱን ይይዛል። ቅባት የቀረበት ቦታ ግን ሳይሸፈን ይቀራል። ለዚህ ነው እጥበቱ ወሳኝ የሆነው።

ሰውን ግራ የሚያጋባው «ዝገት ይከላከላል» የሚለው ነው። ብቻውን እምብዛም አይከላከልም፤ በክሪስታሎቹ መሃል ክፍተት አለ። ጥቅሙም ያ ክፍተት ነው። በመኪና ቦዲ ላይ ዚንክ ፎስፌት ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል። ቀለሙ ቢጫርም ዝገቱ ከሥሩ ቶሎ አይስፋፋም። በጊርና በካምሻፍት ላይ ደግሞ ማንጋኒዝ ፎስፌት እንደ ስፖንጅ ዘይት ይይዛል። አዲስ ሞተር መሥራት ሲጀምር ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ ያግዛል።

ስለዚህ ዕቃው «ፎስፌት ተደርጓል» ካሏችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከላዩ ያለው ቀለም ነው ወይስ ዘይት?