ጀንትሪፊኬሽን ምንድን ነው? የሰፈር መነፈግና መፈናቀል ከድሬዳዋ ሲታይ

ጀንትሪፊኬሽን የሚባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር ውስጥ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ሲገቡ የመሬቱ ዋጋና የቤት ኪራዩ ይንርና ነባሩ ነዋሪ አቅሙ አልፈቅድ ብሎት ሰፈሩን ለቆ የሚወጣበት ሂደት ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣችው የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪዋ ሩት ግላስ ናት። የለንደን የሠራተኛ ሰፈሮች በየተራ በመካከለኛው መደብ እጅ ሲገቡ ተመልክታ፣ የእንግሊዝ ባለርስቶች ይጠሩበት ከነበረው «ጀንትሪ» ከሚለው ቃል ወሰደችው።

ከመፈናቀሉ አስቀድሞ ግን ብዙ ጊዜ መነፈግ አለ። ጣሪያው አይጠገንም፣ ቦዩ አይጠረግም፣ በሰፈሩ ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ይጠፋል። ጂኦግራፈሩ ኒል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው፣ ሰፈሩ እያረጀ በሄደ ቁጥር መሬቱ አሁን በሚያስገኘው ገቢና ቢታደስ ሊያስገኝ በሚችለው መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ልዩነቱ በቂ ሲሆን ገንዘብ ተመልሶ ይመጣል። የሚመጣው ግን እዚያ ለኖረው ሰው አይደለም። ስለዚህ መነፈግና መልማት ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ የአንድ ሂደት ሁለት ምዕራፎች ናቸው።

ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከተማዋን የቆረቆራት እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰው ባቡር ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ በቀጥተኛ መንገዶችና በዛፍ ጥላ የከዚራ ሰፈር ተዘረጋ፤ ከደቻቱ ማዶ የመጋላ ሰፈር አደገ። የድሮው ባቡር ሲዳከም፣ የአዲሱም መስመር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሲሠራ፣ በሠራተኛውና በመንገደኛው ይተዳደሩ የነበሩ ሻይ ቤቶችና ጉልቶች ገበያቸውን አጡ። ማንም ከቤቱ ሳይባረር የሰፈሩ እንጀራ ቀነሰ ማለት ነው።

በቀበሌ ቤቶችም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለጥገና የሚበቃ ሆኖ አያውቅም። ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ቆርቆሮ ለመቀየር ያመነታል፤ ቢደፍርም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። እንዲህ ለአሥርት ዓመታት የተተወ ቤት በኋላ «ያረጀና ለኑሮ የማይመች» ተብሎ ሲፈረጅ፣ እርጅናው የነዋሪው ጥፋት ተደርጎ መቆጠሩ እጅግ ያሳዝነኛል።

በእኛ አገር ሂደቱ ከለንደኑ የሚለይበት ነገርም አለ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይን ከቦታው የሚያስነሣው የኪራይ ንረት ሳይሆን የመልሶ ማልማት ውሳኔ ነው። የኮሪደር ልማት ድሬዳዋን ካዳረሰ ወዲህ ጉዳዩ የየሰፈሩ መነጋገሪያ ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት እንዲሳተፉና ሐሳባቸው እንዲጠየቅ፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ማካካሻ እንዲያገኙ ይደነግጋል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ቅድሚያ የማልማት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ነገር ግን ይህ ድንጋጌ የሚናገረው ስለ ባለይዞታ ነው። ከግለሰብ ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየ ሰው በዚህ መዝገብ ውስጥ ስሙ የለም።

አንዲት ሳምቡሳ ጠባሽ እናትን እናስብ። ማለዳ በር ላይ ምድጃዋን ታቀጣጥላለች፣ ዘይትና ዱቄት ከጎረቤት ሱቅ በዱቤ ትወስዳለች፣ ማታ ትከፍላለች። ከከተማው ዳር አዲስ ቤት ቢሰጣት እንኳ ደንበኞቿ፣ ባለሱቁና አፎሻዋ (እንደ እድር ያለው የመረዳጃ ማኅበሯ) አብረዋት አይሄዱም፤ የባጃጁ ሒሳብ ደግሞ ትርፏን ይበላዋል። ካሣ የሚለካው በካሬ ሜትር ሲሆን የእርሷ ሀብት በካሬ ሜትር አይለካም።

መደራጀት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ጊዜውም ሰፈሩ ገና በተነፈገበት ወቅት ነው እንጂ ቀዩ ምልክት ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ አይደለም። በቦስተን ከተማ የደድሊ ስትሪት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሰባሰቡ ሰፈራቸው ባዶ መሬትና የቆሻሻ መጣያ ነበር። የጀመሩት ቆሻሻ እንዳይደፋባቸው በመጠየቅ ነው፤ ከዚያም የራሳቸውን ፕላን አዘጋጁ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ባዶ መሬቶችን ለሕዝብ ጥቅም የማስለቀቅ ሥልጣን ከከተማው አገኙ፣ መሬቱንም በጋራ አደራ ይዘው የቤቶቹ ዋጋ ከነዋሪው አቅም እንዳይርቅ አደረጉ።

እኛ ዘንድ እድርና አፎሻ አሉ። የለቅሶውን ድንኳን በሰዓታት ውስጥ የሚተክል ማኅበር በአንድ ደብተር ላይ በየግቢው ማን እንደሚኖር፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ፣ በምን ውል፣ ከምን ሥራ እንደሚተዳደር መዝግቦ መያዝ አያቅተውም። በዚያ ደብተር ላይ ባለይዞታው፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩና የግለሰብ ተከራዩ እኩል ይጻፋሉ፤ የሳምቡሳዋ ምድጃም የምትቆምበት ቦታ ጭምር ይሰፍራል። ለካዮቹ ሜትራቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ሽማግሌዎቹ በቅድሚያ የሚዘረጉላቸው ያ ደብተር ይሆናል።