«ወተመህ» እና ንግድ ምክር ቤት፦ ማን ምን ይወስናል?

ቅዳሜ ገበያ ሱቅ ያለው ወዳጄ ባለፈው እንዲህ ጠየቀኝ፦ «የነጋዴዎች ማህበራችን፣ ንግድ ምክር ቤቱ፣ ለትምህርት ቤቱ ወንበር ገዝቶ ሰጠ። ታዲያ ርዕሰ መምህሩ ይነሳ ብንል ሰሚ አለን?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ጎንደር ላይ ብዙ ሰው ወተመህንና ንግድ ምክር ቤትን ያምታታል።

ወተመህ ማለት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ህብረት ነው። የወላጅ ተወካዮቹን የሚመርጡት ወላጆች ናቸው። የትምህርት ቤቱን እቅድ ያያል፣ በጀቱን ይከታተላል፣ የተማሪና የመምህር ቅሬታ ይሰማል። መነሻው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው፤ ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት አመራር ይሳተፍ የሚለው።

ንግድ ምክር ቤት ግን ሌላ ነው። የቆመው በአዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። ሥራው የአባላቱን የንግድ ጥቅም ማስከበር ነው። ለትምህርት ቤት መስጠት ይችላል፣ ሐሳብ ማቅረብም ይችላል። ርዕሰ መምህር መሾምና ማንሳት ግን የመንግሥት የትምህርት መዋቅር ሥራ ነው። ወንበር መስጠት ድምፅ አይሰጥም።

ይህ ነጋዴውን ከበር ውጭ አያስቀረውም። ልጁ እዚያ የሚማር ነጋዴ ወላጅ ነው። ስብሰባ ይጠራል፣ ይምጣ፣ ይመረጥ፣ ይከራከር። ያን ጊዜ የሚናገረው ስለ ልጁ እንጂ ስለ ማህበሩ አይደለም። እኔ ልዩነቱ በጣም ያሳስበኛል። ብዙ የሰጠ ብዙ የሚወስን ከሆነ፣ ልጇን ጉልት ቸርችራ የምታስተምር እናት ምን ትላለች?

ስጦታውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በዓይነት ከሆነ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥ። ገንዘብ ከሆነ በትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ይግባ፣ ወተመህም ይወቀው።