የሞተ ስፖንጅ ምንድን ነው?

ያረጀ መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ሰውነት ከወትሮው ዝቅ ካለ፣ በር በኩል ያለው የወንበሩ ጎን ከተደፋ፣ ከወንበሩ ሥር ደግሞ ቢጫ ብናኝ ከታየ ስፖንጁ ሞቷል። የሞተ ስፖንጅ ማለት ሲጫኑት ገብቶ ሲለቁት ወደ ቀድሞ ቁመቱ የማይመለስ ነው። ብዙ ሰው ግን ወንበሩን ለማሠራት የሚነሳው ቆዳው ሲሰነጠቅ ነው። ቆዳው ይሰፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ችግሩ ከሥር ነውና። ከሥሩ የሚይዘው ያጣ ቆዳ ሰው በተቀመጠ ቁጥር በአንድ መስመር ላይ ይታጠፋል፤ እንዲህ የሚታጠፍ ቆዳ ምን ቢቀባ አይድንም። ስለዚህ መጀመሪያ ስፖንጁ፣ ከዚያ ቆዳው።

የመኪና ወንበር ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ነው። ፖሊዮልና አይሶሲያኔት የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ሻጋታ ውስጥ ሲገናኙ ጋዝ ይፈጠርና ድብልቁ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ይጠነክራል። ክብደት የሚሸከመው በውስጡ ያለው የጥቃቅን ቀዳዳዎች መረብ ነው። ጫና፣ እርጥበትና ሙቀት በዓመታት ውስጥ ይህን መረብ ይሰባብሩታል። ቀድሞ የሚጎዳው የሾፌሩ ወንበር በር በኩል ያለው ጉብታ ነው፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚንሸራተተው በእሱ ላይ ነው። ከታች በኩል ደግሞ ሞላው አለ። በሞላውና በስፖንጁ መካከል ያለው ወፍራም ጨርቅ ካለቀ ሽቦው ስፖንጁን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። አዲስ ስፖንጅ ገብቶ ይህ ጨርቅ ካልተቀየረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ስፖንጅ ሲገዛ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ፤ እፍግታና ጥንካሬ። እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ኪሎ ግራም ሲሆን የሚወስነው ዕድሜውን ነው። ጥንካሬ ደግሞ ስፖንጁ ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚገፋ ነው። በጣት ተጭኖ «ጠንካራ ነው» ብሎ መግዛት ያሳስታል፤ እፍግታው ዝቅተኛ የሆነ ስፖንጅም ሲገዛ ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቶሎ ይተኛል። ለመቀመጫው እፍግታው ከ50 ኪሎ ግራም ያላነሰ ይመረጣል፣ ለመደገፊያው 40 አካባቢ ይበቃል። ለርካሽ ፍራሽ የሚሸጠው ቀላል ስፖንጅ እዚህ ቦታ የለውም።

ወንበሩ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀልና ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠበቃል፤ በብዙ መኪኖች የወንበሩ ጎን ውስጥ ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ በድንገት የሚነፋ ከረጢት፣ አለ። የወንበሩ ልብስ ስፖንጁ ውስጥ ከተቀበረ ሽቦ ጋር በትንንሽ የብረት ቀለበቶች የተያያዘ ነው። ቀለበቶቹ በፒንሳ ይቆረጣሉ እንጂ አይጎተቱም፤ ከተጎተቱ ሽቦው ስፖንጁን ይዞ ይወጣል። ማሞቂያ ምንጣፍ ወይም ሰው መቀመጡን የሚለይ ሴንሰር ካለ ሳይታጠፍ ይነሳል።

መላው ስፖንጅ የግድ መቀየር የለበትም። የፈረሰው ክፍል ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ቀጥ ባለ ፊት ተቆርጦ ይወጣል፣ በምትኩ ከሚፈለገው ቅርጽ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የተረፈ ቁራጭ ይጣበቃል። ቅርጹን ለማግኘት ከተሳፋሪው ወንበር የተሻለ መለኪያ የለም፤ ያው ቅርጽ ነው፣ ግራና ቀኙ ብቻ ይገለበጣል። ለስፖንጅ የሚሆን የሚረጭ ማጣበቂያ በሁለቱም ፊቶች ላይ በስሱ ይረጭና ለጣት ሲያያዝ፣ ግን ጣት ላይ ሳይቀር፣ ይገጠማል። አየር በሚገባበት ቦታ መሥራት ግድ ነው። ከላይኛው ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይረጭ ይተው፤ የደረቀ ማጣበቂያ ቢላ አይቀበልም፣ በቆዳውም ላይ እንደ ሰንበር ይታያል። ከዚያ በረጅም ስለታም ቢላ ይቀረጻል፣ በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፣ በመጨረሻም ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ስፖንጅ ይለብሳል። እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት አብዝቶ መሙላት ነው። ያረጀ ቆዳ ተሸብሽቧል፣ እንደ ድሮው አይለጠጥም፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ስፌቱ ይተረተራል።

ቆዳውን በተመለከተ፣ አብዛኛው የመኪና ቆዳ በላዩ ቀለምና መከላከያ ሽፋን አለው። የውሃ ጠብታ ላዩ ላይ ከቆመ ሽፋን አለው፣ ቶሎ ጠጥቶ ከጠቆረ የለውም። ሽፋን ያለው ቆዳ በዘይት አይታደስም፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ይቀርና አዲስ ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል። የተሰነጠቀው ሽፋኑ ብቻ ከሆነ ቦታው ታጥቦ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል፣ በ400 ቁጥር ወረቀት በቀስታ ይታሻል፣ የሚለጠጥ የቆዳ መሙያ በስሱ ደጋግሞ ይቀባል፣ እያንዳንዱ ድርብ ሳይደርቅ ቀጣዩ አይጨመርም። ከዚያ ቀለሙ፣ ከቀለሙ በኋላ መከላከያው ይከተላል። ቆዳው ራሱ እስከ ሥሩ ከተቀደደ ግን ከሥሩ ስስ ጨርቅ በሚለጠጥ የቆዳ ማጣበቂያ ይለጠፋል። ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ሲደርቅ እንደ መስታወት ይሆናል፣ ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል።

ስፌት ሲታደስ የፖሊስተር ወይም የናይለን ክር በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ያልፋል፤ አዲስ ቀዳዳ ቆዳውን ያሳሳዋል። ጎኑ ላይ ኤርባግ ያለበት መደገፊያ ግን የራሱ ሕግ አለው፦ እዚያ ያለው ስፌት ኤርባጉ ሲፈነዳ እንዲበጠስ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በጠንካራ ክር አይሰፋም። ልብሱ ሲመለስ ቆዳው በፀጉር ማድረቂያ ለብ ይደረግ፤ ስፖንጁም በስስ ፕላስቲክ ከተሸፈነ ልብሱ ሳይያዝ ይንሸራተታል፣ ፕላስቲኩ ከዚያ ተስቦ ይወጣል። ወንበሩ ታስሮ ሶኬቶቹ ሁሉ ሳይገጠሙ ባትሪው አይያያዝ፤ አለዚያ የኤርባጉ መብራት በርቶ ይቀራል።