ኢንተርሚዲየት ማይክሮኢኮኖሚክስ፦ ይዘቱና አመጣጡ

ኢንተርሚዲየት ማይክሮኢኮኖሚክስ፣ ሸማቾችና አምራቾች እንዴት እንደሚመርጡና በገበያ እንደሚገናኙ የሚያጠና፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ከመግቢያው ኮርስ ቀጥለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ዓመት፣ የሚወስዱት ትምህርት ነው። የመንግሥት ፋይናንስ፣ የዓለም አቀፍ ንግድና የሥራ ገበያ ኮርሶች በሙሉ ይደገፉበታል። የትምህርት ክፍሉ አንድ ኮርስ ብቻ ይዘህ ሌላውን ተው ቢባል ይሄን ቢይዝ አይፈረድበትም።

መግቢያው ላይ ዋጋ ሲቀንስ የሚገዛው መጠን ይጨምራል ይባልና ይታለፋል። እዚህ "ለምን?" ይጠየቃል። መልሱ የሚጀምረው ከአንድ ሸማች ነው። የሚወደው ነገር በኢንዲፈረንስ ከርቭ (እኩል እርካታ የሚሰጡትን የዕቃ ቅንብሮች በሚያገናኝ መስመር)፣ አቅሙ ደግሞ በበጀት መስመር ይሳላል። ሁለቱ ሳይቆራረጡ የሚነካኩበት ነጥብ ምርጫው ነው። አንዳንዴ ምርጫው ጥግ ላይ ይወድቃል፣ ማለትም ሸማቹ ከአንዱ ዕቃ ምንም አይገዛም፤ ፈተና አውጪዎችም ይህችን ጥግ ይወዷታል። አምራቹም የሚጠናው በዚሁ ዘዴ ነው። የተወሰነ ምርት በትንሹ ወጪ እንዴት እንደሚያወጣ ይሰላል።

ወደ አመጣጡ ስንመጣ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ኩርኖ የሁለት ሻጮችን ፉክክር በሒሳብ የቀመረው በ1838 ነበር። ማርሻል በ1890 የፍላጎትና የአቅርቦት ሥዕልን የትምህርቱ ማዕከል አደረገ፤ ሒሳቡን ግን ወደ አባሪ ገፋው። ኢንዲፈረንስ ከርቭ በ1881 ከኤጅዎርዝ ተነሥቶ በ1906 በፓሬቶ እጅ ጎለመሰ። "የኤጅዎርዝ ሣጥን" የሚባለውን፣ የሁለት ሰዎችን የዕቃ ልውውጥ የሚያሳይ ሥዕል ዛሬ በምናውቀው መልኩ የሳለው ፓሬቶ ነው የሚሉ አሉ። ስሙ ግን ለኤጅዎርዝ ጸንቷል።

የኮርሱ እምብርት የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1915 ኪየቭ ያስተምር የነበረው ኢኮኖሚስት ስሉትስኪ አንድ ጽሑፍ በጣሊያን መጽሔት አሳተመ። የዋጋ ለውጥ ሁለት ነገር በአንዴ ያደርጋል አለ። ዋጋው ሲቀንስ ዕቃው ከሌሎች አንጻር ይረክሳል (ከዚህ የሚመጣው የመተካት ውጤት ይባላል)፤ የሸማቹም የመግዛት አቅም ይጨምራል (ይህኛው የገቢ ውጤት ነው)። ጊዜው የጦርነት ነበርና ልብ ያለው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1934 እንግሊዛውያኑ ኢኮኖሚስቶች ሂክስና አለን በራሳቸው መንገድ እዚያው ደረሱ። ኋላ ላይ የስሉትስኪ ጽሑፍ ሲታወቅ ሁለቱም ቀዳሚነቱን አልነፈጉትም። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ጨዋነት ሁሌ አይገኝም።

ነገሩ በቁጥር ይቀላል። የሸማቹ ዩቲሊቲ፣ ማለትም የእርካታው መለኪያ፣ የሁለት ዕቃዎች መጠን ብዜት ይሁን። በጀቱ 120፣ የመጀመሪያው ዕቃ ዋጋ 3፣ የሁለተኛው 1 ነው። ሸማቹ በጀቱን ለሁለቱ ዕቃዎች እኩል ያካፍልና ከመጀመሪያው 20፣ ከሁለተኛው 60 ይገዛል። የመጀመሪያው ዋጋ ወደ 2 ሲወርድ 30 ይገዛል። ጭማሪው 10 ነው። አሁን በአዲሱ ዋጋ የድሮውን ቅርጫት (20 እና 60) ብቻ እንዲችል በጀቱን ወደ 100 እናውርድበት። 25 ይገዛል። ስለዚህ 5ቱ የመተካት ውጤት፣ የቀረው 5 የገቢ ውጤት ነው። ይሄ የስሉትስኪ መንገድ ነው። ሂክስ ግን የድሮውን ቅርጫት ሳይሆን የድሮውን እርካታ ይጠብቃል፤ በእሱ ስሌት የመተካቱ ውጤት 4.5 ገደማ ይሆናል። የዋጋው ለውጥ እያነሰ ሲሄድ የሁለቱ ልዩነት ይጠፋል። ሽምደዳ የማይሠራውም እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው የትኛውን መንገድ እንደሚፈልግ ያልለየ ተማሪ ሒሳቡን አሳምሮ ሠርቶም ይወድቃል።

የገቢው ውጤት ተቃራኒ ሆኖ የመተካቱን ውጤት ከበለጠ፣ ዋጋ ሲወደድ የሚገዛው መጠን ይጨምራል። ይህ የጊፈን ዕቃ ይባላል። የአየርላንድ የድንች ረሃብ ለረጅም ጊዜ በምሳሌነት ሲጠቀስ ኖሯል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። በ2008 ጄንሰንና ሚለር ቻይና ሁናን ውስጥ ድሃ ቤተሰቦች በሩዝ ላይ ይህን ጠባይ እንደሚያሳዩ የሚያመለክት ጥናት አሳትመዋል።

ኮርሱ በካልኩለስ ይሰጥ ወይስ በሥዕል ብቻ የሚለው ያከራክራል። ሥዕል ሐሳቡን ያሳያል የሚሉት እውነት አላቸው። ነገር ግን ያለ ላግራንጅ ዘዴ (በገደብ ውስጥ ምርጡን ለማግኘት የሚያገለግል የካልኩለስ ስሌት) የሚሰጥ ኢንተርሚዲየት ማይክሮ መግቢያውን መድገም ነው።

ሞኖፖሊ (አንድ ሻጭ ብቻ ያለበት ገበያ)፣ ኦሊጎፖሊ (ጥቂት ሻጮች ያሉበት) እና ጌም ቲዎሪ (የአንዱ ውጤት በሌላው ምርጫ ላይ ሲመሠረት የሚያጠናው) ከአጋማሽ በኋላ ይመጣሉ። ናሽ በ1950 ያቀረበው ሚዛንም፣ ማለትም ማንም ብቻውን ምርጫውን ቢቀይር የማይጠቀምበት ሁኔታ፣ እዚህ ይገባል።

የመረጃ አለመመጣጠን፣ ማለትም አንዱ ወገን ከሌላው የበለጠ የሚያውቅበት ሁኔታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለመጨረሻው ሳምንት ይቀራል። አከርሎፍ በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ ጻፈ። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው ካልለየ የሚከፍለው ለአማካዩ ነው፤ በዚህ ዋጋ ደግሞ የጥሩ መኪና ባለቤት አይሸጥም። ጥሩዎቹ ሲወጡ አማካዩ ይወርዳል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ለዚህ ሥራው በ2001 ከስፔንስና ከስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሴሚስተሩ ሲያጥር ግን መጀመሪያ የሚዘለለው ይሄው ምዕራፍ ነው።