ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትና ገደቡ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ

በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ወይም መምህር ምን መናገር፣ ምን መለጠፍ፣ የት መሰብሰብ እንደሚችል የሚወስነው ሕግ ተበታትኖ ነው የሚገኘው፤ ከፊሉ በሕገ መንግሥቱ፣ ከፊሉ በከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ ከፊሉ በሴኔት ሕግና በተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ። የቀረው፣ ምናልባትም ትልቁ ክፍል፣ በወረቀት ያልሰፈረ የግቢ ልማድ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የተወለደው ከሦስት ኮሌጆች ነው። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላ የመምህራንና የጤና ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ዲላ ራሱን ሲችል በ1998 ዓ.ም. የአሁኑ ስም ጸና። እርሻ ኮሌጁ ሥራ የጀመረው በቀይ ሽብር ዋዜማ ስለነበር፣ በደርግ ዘመን ስለ ነጻ ንግግር ማውራት ራሱ የማይታሰብ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የግቢን ነጻነት የቀረጹት ሁለት ክስተቶች አዲስ አበባ ላይ የተፈጸሙ ናቸው። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ የታገደው መጽሔታችን ይመለስ ብለው ተነሡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ጥያቄው በአንድ ግቢ ብቻ አልቀረም። «ፖሊስ ግቢ ይግባ ወይስ አይግባ» የሚለው ክርክር ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ሲነሣ መነሻው እዚያው ነው።

ሀዋሳ የራሷን ቁስል ያየችው በዓመቱ ነው። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የከተማዋን አስተዳደር ይለውጣል የተባለውን ዕቅድ ለመቃወም የወጡ የሲዳማ ሰልፈኞች በከተማዋ ዳርቻ ሎቄ ላይ ተተኮሰባቸው። የሟቾቹ ቁጥር አከራካሪ ነው፤ ሰላማዊ ሰልፍ እንደነበር ግን የሚያከራክር አይመስልም። ሰልፉ የግቢ ጉዳይ ባይሆንም፣ ከዚያ በኋላ «ሀዋሳ የማን ናት» የሚለው ጥያቄ በመማሪያ ክፍልም በዶርምም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መመሪያ በትምህርት ተቋማት ተቃውሞን ከለከለ።

ከሁሉም በላይ የተዘገበው ከ2010 እስከ 2012 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን ያጸደቀው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ መካሄድ ነበረበት። ዓመቱ ሳይካሄድ ሞላ፤ ቀኑም 11/11/11 ተብሎ በየግድግዳውና በየቲሸርቱ የሚታወቅ ሆነ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በከተማዋና በዞኑ ሰዎች ሞቱ፣ የሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ በቀናት ውስጥም ሲዳማ ያኔ የነበረበት የደቡብ ክልል በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ። ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሰላም ተካሄደ፤ 98.5 በመቶው ክልልነትን መረጠ፤ በሰኔ ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ግን የክልል ሳይሆን የፌዴራል ተቋም ነው፤ ተማሪው ከሀገሪቱ አራቱም ማዕዘን ተመድቦ ይመጣል። ከተማው ሁሉ አንድ ወሬ በያዘበት ሰሞን በአንድ ዶርም ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከወለጋና ከሲዳማዋ በንሳ የመጡ ልጆች አብረው ያድራሉ። ያን ጊዜ ዝም ያሰኘው የመንግሥት ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ የአልጋ ጎረቤትን ላለማስቀየም መጠንቀቅም ነበረበት። ይህን አብሮ የመኖር ጥበብ ዩኒቨርሲቲያችን ካፈራቸው መልካም ነገሮች መቁጠር ማጋነን አይሆንም። በእነዚያው ዓመታት በሀገር አቀፍ ደረጃ ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው ሰላም ላለማደፍረስ ውል እንዲፈርሙ ተደርጓል። ውሉ ግጭትን ከሐሳብ ልዩነት በደንብ ለይቶታል ለማለት ይከብዳል።

በሕግ ረገድ መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ነው። የመሰለውን አመለካከት መያዝንና መግለጽን ይፈቅዳል፣ ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ ገደብ የሚያደርገው ለወጣቶች ደኅንነት፣ ለሰው ክብርና መልካም ስም ሲሆን የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግር በሕግ ይከለከላል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጆቹ፣ ቁጥር 650/2001ም ሆነ የተካው 1152/2011፣ የአካዳሚክ ነጻነትን ያውቃሉ። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ይህ አዋጅ ለመምህራን የሚጠቅም አንድ ነገር አለው፦ የአካዳሚ ጥናት፣ የፖለቲካ ትችትና የኪነ ጥበብ ሥራ አካል የሆነ ንግግር እንደ ጥላቻ ንግግር አይቆጠርም። ስለ ብሔር ግጭት ሲያስተምር ድምፁን የሚቀንስ መምህር ሁሉ ይህን አንቀጽ ቢያነብ አይከፋም።

ልማዱ የሚታየው ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው። የጠፋ መታወቂያም ይሁን የግጥም ምሽት ጥሪ፣ ወረቀቱ የተማሪዎች ዲን ወይም የተማሪዎች ኅብረት ማኅተም ከሌለው ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ወይም ጥበቃ ይገነጥለዋል። አስተዳደሩ ሰሌዳው የተቋሙ ንብረት ነው ይላል፤ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከመለጠፉ በፊት ይዘቱ የሚነበብ ወረቀት ከቅድመ ምርመራ በምን እንደሚለይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስብሰባም እንዲሁ ነው፦ ስለ ሰላማዊ ሰልፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው የ48 ሰዓት የጽሑፍ ማሳወቂያ ሲሆን፣ በግቢ ውስጥ ግን አዳራሽ ለማግኘት የሚገባው ደብዳቤ «ይፈቀድልን» የሚል ነው። የሃይማኖት ስብስቦች፣ ግቢ ጉባኤውም ፌሎሺፑም ጀመዓውም፣ ጉባኤያቸውን ከግቢ ውጭ ስለሚያደርጉ ይህ እምብዛም አይነካቸውም።

ማኅተም የማይጠየቅበት ሰሌዳ የሽንት ቤት በር ነው። በእስክሪብቶና በማርከር የተጻፈው ግማሹ ስለ ፍቅር፣ ስለ ካፌው ሽሮና ስለ ውጤት ነው፤ ሌላው ግማሽ የብሔር ስድብ፣ ከሥሩም መልሱ፣ ከመልሱም ሥር የመልሱ መልስ። ቀለም ይቀባል፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ይሞላል። ለተመራቂ ደግሞ የምረቃ መጽሔት አለ፤ ከፎቶው ሥር የምትሰፍረውን «ላስት ወርድ»፣ ማለትም የስንብት ቃል፣ የሚያጣራው ራሱ የተመራቂዎች ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው መጽሔቱ እንዳይታገድ ስለሚሰጋ ከዲኑም ይጠነክራል ይባላል።

ዛሬ ይህ ሁሉ ወደ ቴሌግራም ዞሯል። የግቢ ቻናሎች ስም ሳይጠቀስ የፍቅር ኑዛዜ፣ የመምህር ሐሜትና የውሃ መጥፋት ቅሬታ ያወጣሉ፤ አድሚኑ ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በአዋጅ 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ በማሰራጨት የሚጣለው ቅጣት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን ከአንድ ወደ ሦስት ዓመት ከፍ ይላል፤ ትልልቆቹ የተማሪ ቻናሎች ይህን ቁጥር መድረስ አይቸግራቸውም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ደንብ ግን የተጻፈው ስሙ የሚታወቅ ተማሪ ተጠርቶ መልስ ይሰጣል በሚል ግምት ነው።